ማንን እንክሰስ?

ዜናው የመጣው በ2007 ዓ.ም. በዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ 11 ቀን ነው። ሊቢያ ውስጥ ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ቡድን ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ ምስሉን ለቀቀው። አንዳንዶቹን ባሕር ዳርቻ ላይ አንገታቸውን ቀልቶ፣ ሌሎቹን በረሃ ላይ በጥይት። የፋሲካ ቄጠማ ከየቤቱ ወለል ገና ተጠርጎ አላለቀም ነበር። ሰው ስልኩን ያያል፣ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል፣ ደግሞ ተመልሶ ያያል። ልጁን፣ ወንድሙን፣ የጎረቤቱን ልጅ እየፈለገ ነበር። ከሟቾቹ መካከል የእኛ ሰፈር የቂርቆስ ልጆች እንዳሉበት ታወቀ፤ ድንኳን ተተከለ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ንፍሮው ዞሮ ሰዉ ዝም ባለበት ሰዓት፣ የዕድራችን ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። ሕግ የተማረ ሰው በሰፈሩ የሚጠየቀው አያጣም፤ የውርስ ነገር፣ የቀበሌ ቤት ነገር፣ የአከራይና የተከራይ ነገር። እሳቸውም በዚያው ድምፅ ነው የጀመሩት።

«ልጄ፣ አንቺ ሕግ ተምረሻል። ማንን ነው የምንከሰው?»

«ገዳዮቹን ነዋ፣ ጋሼ።»

«እነሱንማ አውቃለሁ። እዚያ ያደረሳቸውን ነው የምልሽ። ጋዳፊ እያለ እነዚህ ነበሩ? ጋዳፊን ማን ነው ያነሣው?»

አልመለስኩላቸውም። መልሱ ስለጠፋኝ ብቻ አይደለም። ጋዳፊ የተገደለ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቅምት 9 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ስታዲየም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ማኪያቶ አዝዣለሁ። ቴሌቪዥኑ ያን በደም የተነከረ ሰውዬ ሲጎትቱት ደጋግሞ ያሳያል። ካፌው ለሁለት ተከፈለ። «ዋጋውን አገኘ» የሚል አለ። ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዙ አዛውንት ደግሞ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አሉ። ይህን ተረት ያኔም አልወደውም፣ ዛሬም አልወደውም፤ ጨካኝ መሪ ሁሉ ከሥሩ የሚጠለልበት ተረት ነው። ሰውየው 42 ዓመት ገዝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 አቡ ሳሊም በተባለው እስር ቤቱ ውስጥ ከ1,000 በላይ እስረኞች እንደተገደሉ ይነገራል፤ ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ስንቅ እያመላለሱ ሞታቸውን አልሰሙም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲወድቅ ደስ ያለው ሰው ጥፋተኛ አይመስለኝም። በዚያ ቀን ያላሰብኩት ሌላ ነገር ነው፦ የጣለው ማን ነው፣ በምን ፈቃድ ነው፣ ከጣለውስ በኋላ ለሚመጣው ነገር የሚጠየቀው ማን ነው?

የኢራቁን ጉዳይ መመዘን ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካና እንግሊዝ ሳዳም ሁሴንን ሊያስወግዱ ሲዘምቱ የጸጥታው ምክር ቤት አልፈቀደላቸውም። ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን በዓመቱ ሕገ ወጥ ነበር ብለው በግልጽ ተናግረዋል። (ያን ዘመቻ ደግፈዋል ተብለው ዋሽንግተን ከዘረዘረቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ሳስታውስ አፍራለሁ።) የሊቢያው ግን ፈቃድ ነበረው፤ ለዚህም ነው አብዝቶ የሚያስጨንቀኝ። እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2011 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1973ን በ10 ድጋፍና በ5 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን እጃቸውን አውጥተው ደገፉ። ውሳኔው ሰላማዊ ሰዎችን ለመጠበቅ አስፈላጊው እርምጃ ሁሉ እንዲወሰድ ይፈቅዳል። የውጭ ጦር አገሪቱን እንዳይዝ ይከለክላል። መሪውን ስለማውረድ አንድም ቃል የለበትም።

በጋዳፊ ላይ ያመፀችውን ቤንጋዚን ከጦሩ ለማዳን ተብሎ የተነሣው የኔቶ የአየር ጥቃት በሰባት ወሩ ከሲርት ሊሸሽ የወጣውን የጋዳፊን አጀብ መታ። ሰውየው ከቦይ ውስጥ ተጎትቶ ወጣ፣ የሚቃወሙት ሰዎች እጅ ገባ፣ ተገደለ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ኔቶ ዘመቻዬ ተጠናቀቀ ብሎ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ ፓርላማ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሰላማዊ ሰዎችን የመጠበቅ ዘመቻ ቀስ በቀስ መንግሥት ወደ መለወጥ እንደተንሸራተተ ጻፈ። ባራክ ኦባማም በዚያው ዓመት በሥልጣን ዘመናቸው የፈጸሙት ትልቁ ስሕተት ከጋዳፊ በኋላ ላለው ቀን አለመዘጋጀት እንደሆነ ተናገሩ። ያን ስሰማ የታየኝ ድንኳኑ ነበር። አንዱ «ስሕተት» ብሎ በቃለ መጠይቅ የሚዘጋው ነገር ሌላው ዘንድ ንፍሮ ሆኖ ይዞራል።

ከቂርቆስ ወደ ሥራ ስሄድ በቡልጋሪያ በኩል አድርጌ ከአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ሥር አልፋለሁ። ቻይና ያሠራችው ያ ረጅም ሕንጻ የተመረቀው ጋዳፊ በሞተ በሦስት ወሩ ነው። የቆመው በድሮው ከርቸሌ መሬት ላይ ነው፤ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ይለው በነበረው ወህኒ ቤት። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳዎቹን የረሸነው እዚያ ነው። ኅብረቱ በማቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 4 ፊደል «ሸ» በሚሆነው ድንጋጌ፣ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲደርስ በአባል አገር ጣልቃ የመግባት መብት ለራሱ ሰጥቷል። የድሮው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ግንቦት እዚሁ ከተማ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ሲመሠረት እንዲህ ያለ ነገር ሊታሰብ አይችልም ነበር። አንዱ በሌላው ቤት አይገባም፣ አለቀ። የሩዋንዳው የዘር ፍጅት ያን አስተሳሰብ ሰበረው።

ታዲያ በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን፣ ውሳኔ 1973 ከመጽደቁ አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ የሊቢያን ጉዳይ በድርድር የመፍቻ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ተኩስ ይቁም፣ ርዳታ ይግባ፣ የሽግግር ንግግር ይጀመር የሚል። አምስት መሪዎች ተመረጡ። ትሪፖሊ ሊበሩ ሲዘጋጁ ቦምቡ ቀደማቸው፤ ለበረራቸውም ፈቃድ ተከለከሉ። ትሪፖሊ የደረሱት በቀጣዩ ወር ነው። ያኔውኑ ሄደው ቢሆን ይሳካላቸው ነበር አልልም። ሊቢያ ከኅብረቱ ትልልቅ መዋጮ ከፋዮች አንዷ ስለነበረች ብዙዎቹ መሪዎች ጋዳፊን ፊት ለፊት ሊናገሩት የማይደፍሩ ነበሩ። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱ የማሊው ፕሬዚዳንት አማዱ ቱማኒ ቱሬ ነበሩ። ከሊቢያ መሣሪያቸውን ጭነው የተመለሱ የቱዋሬግ ተዋጊዎች ሰሜን ማሊን አቃጠሏት፣ ጦሩ ተቆጣ፣ እሳቸውም ጋዳፊ በሞተ በአምስት ወሩ በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። የጎረቤት ቤት ሲፈርስ አቧራው የት እንደሚያርፍ ከቦምብ ጣዮቹ ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሕግ የተማርኩት ስድስት ኪሎ ነው። ግቢው የንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት በከተማዋ ሕዝብ ላይ የሆነውን ከበሩ ውጪ አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ይናገራል። ሙዚየሙ አጠገብ ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ሥልጣን ላይ የቆዩበትን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን የቆጠሩበት ነው፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በዕረፍት ሰዓት እዚያ ሥር እየተቀመጥን እናጠና ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4ን በቃሌ የያዝኩት እዚያ ነው፦ መንግሥታት በሌላ አገር የግዛት አንድነትና የፖለቲካ ነጻነት ላይ ኃይል ከመጠቀምም ሆነ በኃይል ከማስፈራራት ይቆጠባሉ። ለዚህ ክልከላ ሁለት በሮች ብቻ ተከፍተዋል። አንዱ አንቀጽ 51 ነው፤ የተጠቃ አገር ራሱን ይከላከላል። ሌላው በምዕራፍ ሰባት የጸጥታው ምክር ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የአገሩ መንግሥት ራሱ ጋብዞ ያስገባው ጦር ክልከላውን ጣሰ አይባልም፤ ጋባዡ በእርግጥ መንግሥት ነው ወይ የሚለው ግን ሁልጊዜ ያጣላል።

«መሪው ክፉ ከሆነ» የሚል ሦስተኛ በር የለም። ተማሪ ሳለሁ ይህ የሕጉ ጉድለት ይመስለኝ ነበር። አንድ ጓደኛዬ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ «ይህ እኮ የአምባገነኖች መድን ነው» ሲል አጨብጭቤለታለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ፓናማን ወርራ ማኑኤል ኖሪዬጋን ይዛ ማያሚ ፍርድ ቤት ስታቀርበው ሰውየው የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀለኛ መሆኑን የተጠራጠረ ብዙም አልነበረም። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወረራውን በ75 ድምፅ አወገዘ፤ የተቃወሙት 20 ነበሩ፣ 40 ደግሞ ድምፅ አልሰጡም። ይህን ሳነብ ወንጀለኛን ለመያዝ ምን ያስወግዛል ብዬ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የራሳችን ታሪክ ነው። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ልትወር ስትነሣ ልዝረፍ፣ ልግዛ ብላ ብቻ አልመጣችም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1935 ለመንግሥታት ማኅበር ሰነድ አቀረበች፦ ኢትዮጵያ ባሪያ የሚሸጥባት፣ ሕዝቦቿን የምትጨቁን፣ በማኅበሩ ውስጥ ልትቀመጥ የማይገባት አገር ናት የሚል። ወሩ ሳይሞላ ጦሯ መረብን ተሻገረ። የጦሩ አዛዥ ዴ ቦኖ ትግራይ እንደገባ ካወጣቸው አዋጆች አንዱ ባርነትን የሚሽር ነበር። እንዲህ ያለውን ክስ ቅጥፈት ነው ብለን ማለፍ እንወዳለን። ቅጥፈት አልነበረም። ባርነት ነበረ። አገራችን በ1916 ዓ.ም. መባቻ ወደ ማኅበሩ ስትገባ ላጠፋው ቃል እገባለሁ ያለችው ስለነበረ ነው። ክሱ እውነት ነበር፤ ክሱን ያነገበው ጦር ግን የመርዝ ጋዝ ይዞ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ሐሳቤ ሁሉ ከዚህ ነው የሚቀዳው። በደል መኖሩን ማሳየት ቀላል ነው፤ የትም አገር አለ። ሦስተኛው በር ቢኖር ኖሮ ሙሶሊኒ በሩን ከፍቶ ይገባ ነበር፣ ሰነዱም በእጁ ነበረ። በዚያ በር ማን ይገባል? ጉልበት ያለው። በማን ቤት? ጉልበት በሌለው ቤት። ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ የያዙት ነገር ቢኖር ያ ክልከላ ብቻ ነበር። ጦር የላቸውም፣ ከተማቸው ተይዛለች፣ ማኅበሩ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ሳይጨምር ቀርቶ ነበር፤ በቀጣዩ ወር እሱም ተነሣ። ክልከላው አላዳናቸውም። እውነት ነው። ግን ዛሬ የአራት ኪሎው የድል ሐውልት ቆሞ ወረራውን ወረራ ብለን የምንጠራው፣ አምስቱን ዓመት «የኢጣሊያ መንግሥት ዘመን» ሳይሆን የጠላት ወረራ ብለን የጻፍነው፣ ያን ክልከላ ይዘን ነው።

ከኢጣሊያም በፊት መቅደላ አለ።

ስለ መቅደላ ስንናገር ሁልጊዜ ስለ ሽጉጡ ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችለት፣ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብሎ የጠጣው። ስለ ማግስቱ የምንናገረው ትንሽ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። የመጣሁት የታሰሩትን አውሮፓውያን ላስፈታ ነው፣ አገሩን አልፈልግም አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ከብዙ ባላባትና ከካህናቱ ጋር ተጣልቶ፣ ግዛቱ ጠቦ፣ በጭካኔው ሰው የሸሸው መሪ ነበር። የትግራዩ ካሣ ምርጫ ለእንግሊዞቹ መንገድ ከፈተ፣ ስንቅ ሸጠ። ብዙ ሰው ያን ቀን ልክ እኔ ካፌው ውስጥ እንደተሰማኝ ሳይሰማው አልቀረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ቴዎድሮስ ሞተ። እንግሊዞቹ አምባውን አቃጠሉ፣ መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን ዘረፉ፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ሄዱ። እናቱ በመንገድ ሞተች። እሱም በ18 ዓመቱ በሰው አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ሲሄዱ ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትተውለት ሄዱ። ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሦ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ አድዋ አጠገብ ሲጋጠሙ በቁጥር የሚያንሰው የካሣ ሠራዊት አሸነፈ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ተማረከ፣ ካሣ ዮሐንስ አራተኛ ሆነ። ስለ ዮሐንስ ታላቅነት አልከራከርም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ማንንም ልሾም አልመጣሁም ያለ ጦር፣ በእርግጥም ማንንም ያልሾመ ጦር፣ ጥሎት በሄደው መሣሪያ የሚቀጥለውን ንጉሥ ወሰነ። ሳይፈልግ። ሳይጠየቅበት።

ሌላም የወሰደብን ነገር አለ። ቴዎድሮስ በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን በደል ሕዝቡ ራሱ ጠይቆት አያውቅም። የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር የባዕድ ጦር ፊት ቆሞ ሞተ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ እሱ ያለን ሒሳብ ሁሉ ከእንግሊዝ ጋር ሆነ። እኔም ቴዎድሮስን እወደዋለሁ፣ ስሙ ሲነሣ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ገደል የተጣሉት፣ በእሳት የተቃጠሉት ሰዎች የልጅ ልጆች ግን የት ሄደው ያልቅሱ?

መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ያወረደው ከውጭ የዘመተ ጦር አልነበረም። ጦርነቱ መራራ ነበር፣ የተከተለውም መንግሥት የራሱን በደል ጨምሯል። ቢሆንም የቀይ ሽብር ችሎት አዲስ አበባ ላይ፣ በአማርኛ፣ በእናቶች ምስክርነት ለዓመታት ተሰማ። መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ባለው የሰማዕታት ሙዚየም የልጆቹ አጽም በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ፍርዱ መንግሥቱ በሌለበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተነበበ፦ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ። ያን ቀን ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ፤ ክፍል ዘልለን ስለ ፍርዱ ስንከራከር ዋልን።

በዚያው ወር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ጦራችን ሞቃዲሾ ገባ። ያኔም አጨበጨብኩ።

ይህን ለማለፍ ብሞክር ጽሑፉ ሐሰት ይሆናል። የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት የሚባለው ቡድን ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ያወጁበት ነበር፤ መንግሥታችን ያቀረበው ምክንያት ራስን መከላከልና የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ግብዣ ነው። ሁለቱም በሕግ ቋንቋ የሚታወቁ በሮች ናቸው። ግን የሽግግር መንግሥቱ ከባይደዋ ብዙም የማይወጣ ደካማ መንግሥት ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ውሳኔ 1725ን ሲያጸድቅ ወደ ሶማሊያ የሚሄደው የሰላም ኃይል ከአዋሳኝ አገሮች ጦር እንዳይኖርበት የሚለውን ዕቅድ ደግፎ ነበር። በመኝታ ክፍላችን ያን ያነበበ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነበብኩትም። ጦራችን ማሸነፉን ነው የሰማነው። በእርግጥም በቀናት ውስጥ አሸነፈ። ፍርድ ቤቶቹ ፈረሱ። ከፍርስራሹ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ክንፍ፣ አልሸባብ፣ «ከባዕድ ወራሪ ጋር እዋጋለሁ» የሚል ሰንደቅ አግኝቶ ገዘፈ። ያን ሰንደቅ የሰጠነው እኛ ነን።

በጥር 2001 ዓ.ም. ጦሩ ወጣ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ጅቡቲ ላይ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ሼክ ሸሪፍ አሕመድ ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በፊት እኛ ከሞቃዲሾ ያባረርነው የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት መሪ። ከቀናት በኋላ ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አዲስ አበባ መጡ። የዚያ ጉባኤ መሪዎች የዓመቱ ሊቀ መንበር አድርገው የመረጡት ደግሞ ጋዳፊን ነበር። ሁለት ዓመት፣ ስንት ወታደር፣ ስንት የሞቃዲሾ ሰው፣ ከዚያ መጀመሪያ ላይ ልናነጋግረው እንችል ከነበረው ሰው ጋር መጨባበጥ።

ታናሽ እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት አትቀበለኝም። «እሺ፣ እስር ቤት ውስጥ ጥፍሩ የሚነቀለው ሰውስ? አንቀጽ 2 ንዑስ 4ን ያንብብ?» ትለኛለች። ልክ ናት፤ የሚያንገበግብ ጥያቄ ነው። እሷ ሁሌ የምታነሣው ኡጋንዳን ነው። ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1978 የታንዛኒያን የካጌራ ምድር ያዘ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ገፍተው አስወጡት፤ በዚያ ሳይቆሙ ከኡጋንዳ ስደተኞች ጋር ሆነው ካምፓላ ድረስ ሄዱ፣ አሚንም ሸሸ። ኔሬሬ ጦርነቶቹ ሁለት ናቸው ብለው ተከራክረዋል፤ የታንዛኒያ የመከላከል ጦርነትና ኡጋንዳውያን አሚንን የጣሉበት። በዚያ ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ ላይ የሱዳንና የናይጄሪያ መሪዎች ወቀሷቸው እንጂ ድርጅቱ አላወገዛቸውም። ስለ አሚን ማንም አላዘነም። እህቴ ታሪኩን እዚህ ላይ ታቆመዋለች። እኔ እቀጥላለሁ፦ ተተኪው ዩሱፍ ሉሌ በ68 ቀን ወረደ፣ ቀጣዩም ወረደ፣ ኦቦቴ ተመለሰ፣ የጫካ ጦርነት ተነሣ፣ በሉዌሮ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ከዚያ ጫካ ሙሴቬኒ ወጣ።

የጋምቢያው ግን እኔንም ዝም ያሰኘኛል። ያህያ ጃሜ 22 ዓመት ከገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 በምርጫ ተሸነፈ፣ ሽንፈቱን አመነ፣ ከሳምንት በኋላ ካደ። አዳማ ባሮው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸመ። በዚያው ቀን የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦር ድንበር ተሻገረ፣ ግን ለሽምግልና ቆም አለ። በሁለተኛው ቀን ጃሜ አገር ለቆ ሄደ። ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ለእህቴ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ሕዝቡ መርጧል፤ ማን ይውረድ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የወሰነው የገዛ ድምፁ ነው። ጋባዡ የተመረጠው ሰው ነው። የገቡት ጎረቤቶች ናቸው፤ ጋምቢያ ብትፈርስ ስደተኛው በነሱ በር ነው የሚመጣው። ጦሩም ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ በማግስቱ አልበረረም፣ ቆየ። እንደዚያም ሆኖ የጸጥታው ምክር ቤት ጥረቱን ደገፈ እንጂ ኃይል መጠቀምን በግልጽ አልፈቀደም፤ የሕግ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ቡሩንዲ ላይ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ፣ ኅብረቱ ያን አንቀጽ 4 ጠርቶ 5,000 ወታደር እልካለሁ ካለ በኋላ መሪዎቹ በወሩ ተሰብስበው ተዉት። እህቴ ስለ ቡሩንዲ ስታነሣ ድምፅዋ ይለወጣል፤ እኔም የምመልሰው የለኝም።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ጨካኝን የሚጥል ሰው ከዚያ በኋላ ለሚሆነው የሚጠየቅበት ቦታ መኖር አለበት፤ የጣለው ሕዝቡ ከሆነ ቦታው አለ፣ እዚያው አገር ነው፤ ችሎቱም፣ መቃብሩም፣ እናቶቹም እዚያው ናቸው። ከሰማይ ቦምብ ጥሎ የሄደ ግን የሚጠየቅበት አገር የለውም። ፈቃድ የሰጠው ምክር ቤትም ተጠያቂነትን አብሮ አልሰጠም።

ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ላይ የሊቢያ ባለሥልጣናት የነዚያ ኢትዮጵያውያን ነው ተብሎ የታመነ የ34 ሰዎች አስከሬን በጅምላ መቃብር መገኘቱን ተናገሩ። ዜናውን እንደሰማሁ የዕድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋ ላይ ተደግፈው ነበር።

«የት አገኟቸው?» አሉኝ።

«ሲርት የምትባል ከተማ አጠገብ ነው፣ ጋሼ።»

ስሟን አያውቋትም። እኔ አውቃታለሁ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ ኅብረት ይመሥረት ብለው ያወጁባት ከተማ ናት። ጋዳፊ ከቦይ ተጎትቶ የተገደለባት ከተማ ናት። ከዚያም እስላማዊ መንግሥት ነኝ ያለው ቡድን ይዟት የነበረች። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«አሁን ያን አገር ማን ነው የሚገዛው?»

«ሁለት ናቸው፣ ጋሼ። አንዱ ትሪፖሊ ነው፣ ሌላው በምሥራቅ በኩል።»

«እንግዲያ አጽማቸውን ስጡን ለማለት እንኳ ለማን ነው የሚጻፈው?»

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። የልጅ ልጃቸው ትንሽ ጠረጴዛ ጎትታ አመጣችልን። ከላይ በለመድኩት አጻጻፍ «አመልካች» ብዬ የዕድሩን ስም አስገባሁ፣ አድራሻውን ቂርቆስ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ተጠሪ» ብዬ ሁለት ነጥብ አደረግሁና ብዕሬን እንደያዝኩ ቀና ብዬ አየኋቸው።